በካባው ሐይቅ ሥር

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር ያገኘሁት ከሆቴሉ የስብሰባ አዳራሽ ነው። እንግዶቹ ሲወጡ ሃያ ያህሉን ሳይነኩ ጠረጴዛ ላይ ጥለው ሄዱ፤ እኔም ሦስቱን ወሰድኩ። ገሠሠ አይቶ «አፍሽ አልበቃ ብሎሽ በእጅሽ ልትቀጥዪ ነው?» አለኝ። ባሌ በቀን ሠላሳ ቃል ቢናገር ነው፤ ሃያ ስምንቱ በእኔ ላይ ነው።

ዛሬ ጉልበቴን መርፌ ተወጋሁ። ኮርቲዞን ይሉታል። እዚህ በሰው አገር፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚባል ከተማ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ያለቀ ጉልበት ነው። ዶክተሯ «ከአራት ከአምስት ቀን በኋላ ቀለል ይልሻል። ለሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ስድስት ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ሦስት ወርም» አለችኝ። ስድስት ሳምንት ደረጃ ከወጣሁ ምን ጎደለኝ።

የሚያስፈራኝ ጉልበቴ ሳይሆን ቢታንያ ናት። ልጄ ኮሌጅ የምትማረው ስለ ድንጋይና ስለ ውሃ ነው፣ ይሁን። ግን ዋሻ ትገባለች። የሰው እናት ልጄ ክለብ ገባች ብላ ትጨነቃለች፤ እኔ መሬት ሥር ገባች ብዬ። ሮዝዌል የሚኖረው ነጋ፣ ባለ ግሮሰሪው፣ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ከሚያስነዳ ቦታ መሬት ገዝቷል። ድሮ የኖራ ድንጋይ ሲወጣበት የነበረ ካባ ነው። ካባው ውሃ ሞልቶ ሐይቅ ሆኗል፤ ከሐይቁ በታች ዋሻ አለ። ቢታንያ የዋሻውን ካርታ ለትምህርቷ ልትሠራ ፈቃድ ጠየቀች፣ ነጋም ፈቀደላት። ሰኞ ልትገባ ነው።

ሰኞ እኔ ኦፍ ነኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። «ማሚ፣ ላይክ፣ ጭቃ ነው እኮ» አለችኝ። እናቷ ጭቃ የማታውቅ መስሏታል።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ጭቃው ከጥፍሬ ሳይለቅ ነው የምጽፈው። ደክሞኛል፣ ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም።

መጀመሪያ ሐይቁን አየሁት። ድንጋዩ በማሽን እየተቆረጠ ስለወጣ ዳርቻው እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ውሃው ሰማያዊም አረንጓዴም አይደለም፤ ሲያዩት ያምራል፣ ወለሉ ግን አይታይም። ነጋ «ሥራውን ያቆሙ ቀን ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕ አጠፉት። ከታች ሲሞላ ትራኩን እንኳ አላወጡትም ይባላል» አለን። እኔ እዚያ ታች የተቀመጠውን ትራክ እያሰብኩ ከዳርቻው ወደኋላ ተመለስኩ።

ከዚያ ቁልቁለቱን ወረድን። ዋሻው አፉ ጠባብ ነው፤ ከውስጡ ቀጭን ወንዝ ይወጣል፣ በረዶ የሆነ ውሃ። ቢታንያ ሄልሜት አጠለቀችልኝ፣ ባትሪውን ግንባሬ ላይ አሰረችልኝ፣ ሌላ ሁለት ባትሪ ኪሴ ከተተች። «ሦስት መብራት የሌለው ሰው አይገባም። ሰዓታችንን ለአባዬ ነግሬዋለሁ፤ ስምንት ሰዓት ካልደወልን ሰው ይጠራል» አለችኝ።  ልጄ በገባች ቁጥር እንዲህ ብላ ነው ማለት ነው የምትገባው።

መጀመሪያ ጎንበስ ብለን ሄድን፣ ቀጥሎ በጉልበት፣ ቀጥሎ በሆድ። ድንጋዩ ጀርባዬን ሲነካኝ እመቤቴን ጠራሁ። ከዚያ ድንገት ሰፋ። መብራቴን ወደ ላይ ሳደርገው ከጣሪያው ድንጋይ እንደ ጧፍ ተንጠልጥሏል፣ በእያንዳንዱ ጫፍ አንድ የውሃ ጠብታ ቆማለች። ልጄ «አንዷን ጣት የምታህለውን ለመሥራት ሺህ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል» ስትለኝ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ እኔም አላውቅም።

እና ዛሬ ሩፋኤል ነው። ሰማይ የሚከፈትበት፣ ውሃ ሁሉ ጸበል የሚሆንበት ቀን። ልጅ ሆነን ራቁታችንን ዝናብ ውስጥ እንሮጥ ነበር። ስንወጣ እዚያም ዝናብ ጀመረ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወንዙ ውስጥ እስከ ጭኔ ገባሁ፣ ውሃውን ሦስት ጊዜ ጉልበቴ ላይ አፈሰስኩ፣ ጸለይኩ። ከዚያ ቁልቁለቱን ሽቅብ ስወጣ መሐል ላይ ነው ያወቅኩት፤ እጄን ጉልበቴ ላይ አልደገፍኩም። ምንም አላመመኝም።

ጳጉሜ 5፣ ረቡዕ

ሥራ በዝቷል። አሥራ ስድስት ክፍል። ደረጃ ሦስቴ ወጣሁ፣ ምንም የለም። ምንም።

መስከረም 4፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ነገርኳቸው። ያልነገርኩት ሰው ቢኖር ጥበቃው ብቻ ነው። ሴቶቹ ከበቡኝ፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲከበኝ አልቆምም። ስለ ዋሻው፣ በሆድ ስለመሄዴ፣ ስለ ሩፋኤል ዝናብ። ጉልበቴን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ አሳየኋቸው።

እትዬ የሺእመቤት ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። እሳቸው ካርቱም ስደት ላይ ሳለን ቢታንያን ያዋለዱልኝ ሰው ናቸው፤ እናቴ ካልኩ እሳቸውን ነው። አሁን ስልሳ ሰባት ሆኗቸዋል፣ ኢስት ፖይንት ከልጃቸው ከአሸብር ጋር ይኖራሉ። ልባቸው ምቱን ይስታል፤ ደም እንዳይረጋ ጠዋትና ማታ ክኒን ይውጣሉ። አሸብር የኤርፖርት ሹፌር ነው፤ ክኒኑን በየቀኑ በተከፋፈለች ሳጥን ይሞላላቸዋል።

«ክኒንሽንስ?» አሉኝ እትዬ የሺ። የጉልበቴን ማስታገሻ ማለታቸው ነው።

«ጣልኩት» አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ጥያለሁ።

ገሠሠ ከጠረጴዛው ማዶ «መርፌውስ?» አለ። በቀን ካሉት ሠላሳ ቃላት አንዷን እዚያ ማውጣት ነበረበት? በጫማዬ ረገጥኩት። የሰማው የለም።

መስከረም 12፣ ሰኞ

በሁለት መኪና ወደ ዋሻው ሄድን። እትዬ የሺ፣ ሌሎች አራት ሴቶች፣ እኔና ነጋ። ነጋ መሰላልና ገመድ አዘጋጅቶልን ነበር። ሁሉም በባዶ ሆዳቸው፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጄሪካን ይዘው። ዋሻው አፍ ላይ ብቻ፤ ወደ ውስጥ አላስገባኋቸውም። እትዬ የሺ ውሃው ውስጥ ቆመው ፊታቸው እንደ ልጅ ሆነ። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ደስ አለኝ። ማንም ሰው እኔን ተከትሎ የትም ሄዶ አያውቅም።

ቢታንያ ማታ «ማሚ፣ ውሃውን ጠጡት?» አለችኝ። ጠጡ አልኳት።  «ቴስት አልተደረገም እኮ» አለች። ሩፋኤል ቴስት አይፈልግም ልላት ነበር፤ ተውኩት።

መስከረም 18፣ እሑድ

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እትዬ የሺ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ሐረግ፣ እኔም እንዳንቺ ተውኩት» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ክኒኑን ነዋ። ከመስቀል ዋዜማ ጀምሮ። አሸብር ሲሞላ እኔ ወደ ሽንት ቤት። ለሱ እንዳትነግሪው፣ ይጨቀጭቀኛል። ለማንም እንዳትነግሪ።»

«እትዬ የሺ፣ የኔ የጉልበት ነው፣ የእርስዎ የልብ ነው» አልኳቸው።

«ጉልበትን የፈጠረ ሌላ ነው፣ ልብን የፈጠረ ሌላ?» ብለው ሳቁብኝ።

ምን ልበል? ያን ያህል ሰው ፊት ጉልበቴን እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ካሳየሁ በኋላ ምን ልበል? አልነግርም አልኳቸው። አሁን ሌሊቱ ሊጋመስ ነው፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሦስት ቀን ምን ያደርጋል እላለሁ። ደግሞ ተነሥቼ እቀመጣለሁ።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

በእረፍት ሰዓቴ ደወልኩ። ደህና ናቸው። ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

መስከረም 23፣ ዓርብ

ለቤተ ክርስቲያናችን አባት ለአባ ተስፋጽዮን ደወልኩ። አንዲት ጓደኛዬ ናት አልኳቸው፣ ጸበል ከጀመረች ወዲህ የሐኪም መድኃኒት አቁማለች፣ ምን ይላሉ አልኳቸው።

«የትኛው ጸበል?» አሉ።

«ነጋ መሬት ላይ ያለው።»

«እኔ ያንን ውሃ አልባረክኩትም ሐረገወይን። ሰው ሲሄድ ሰምቻለሁ፤ ሊታጠብ ይችላል። መድኃኒት የሚያስጥል ጸበል ግን አላውቅም። ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው። የጓደኛሽን ስም ንገሪኝ፣ ዛሬውኑ ልደውልላት።»

«አባ፣ አልነግርም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።»

 «እንግዲያው አንቺ ንገሪያት» አሉና ጸሎት አድርገውልኝ ዘጉ።

እነግራቸዋለሁ። እሑድ እነግራቸዋለሁ። ግን አባ እንዲህ አሉ ብል ብቻ አይበቃም። የመርፌውንም ነገር መንገር አለብኝ።

መስከረም 25፣ እሑድ

እትዬ የሺ አልመጡም፤ ጉንፋን። በስልክ አይሆንም።

መስከረም 26፣ ሰኞ

ከቢታንያ ጋር እንደገና ገባሁ። ዛሬ የሄደችው ለቀለም ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሐይቁ ውስጥ ቀለም ይጨምራሉ፣ ከዚያ በዋሻው ይወጣ እንደሆነ ይጠብቃሉ። አስተማሪዋ ፈቃዱን አውጥቷል፤ ቀለሙ ሰውንም ዓሣንም አይጎዳም አለችኝ። በጠርሙስ ያለው ዱቄት መልኩ ጡብ ይመስላል፣ ውሃ ሲነካው ግን አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ከካባው ዳርቻ ስታፈስሰው እንደ ጭስ እየተጠቀለለ ወደ ታች ወረደ፣ ወደዚያ ትራክ።

ከዚያ ዋሻው ውስጥ የከሰል ከረጢት ልታስር ገባን፤ ከሰሉ ቀለሙን ይይዛል። ከሰፊው ክፍል አልፈን፣ ሄጄበት ወደማላውቀው ገባን። እዚያ ግድግዳው ተለወጠ። እስከዚያ ውሃ ያለሰለሰው፣ ክብ ክብ የሆነ ነበር፤ ድንገት ሻካራ ሆነ፣ ተሰነጣጠቀ፣ ክንድ የሚያህል ቀጥ ያለ ቀዳዳ በረድፍ በረድፍ ተበስቶበታል። «የድማሚት ቀዳዳ ነው። እነሱ ከላይ ሲያፈነዱ ከዋሻው ጋር ተገናኝተዋል» አለችኝ ልጄ። በቀዳዳዎቹ ሁሉ ውሃ እየገፋ ይወርዳል።

«አሁን የት ነን?» አልኳት።

«ከሐይቁ ሥር።»

ይህን ካለችኝ በኋላ ስለ ዋሻው የማስታውሰው የለም። ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ወለሉ የማይታይ ውሃ፣ ከጭንቅላቴ በላይ፣ በተበሳ ድንጋይ ተይዞ። እግሬ እምቢ አለ። ቢታንያ እጄን ይዛ «ማሚ፣ እኔን እያየሽ፣ ወደኋላ፣ በቀስታ» እያለች እንደ ሕፃን አወጣችኝ። ለካ ልጄን እንዲህ አላውቃትም ነበር። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ስንወጣ ጉልበቴ ጠቅ አደረገኝ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ሽቅብ ስንወጣ ደጋግሞ። እጄን ደገፍኩ። ቢታንያ ከፊት ስለነበረች አላየችም።

ዶክተሯ ስድስት ሳምንት ብላ ነበር። ገና አምስት እንኳ አልሞላም።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ጉልበቴ። አላነክስም። ሰው ሲያየኝ አላነክስም።

እትዬ የሺ በስልክ፦ «ትንፋሼ እንዴት እንደቀለለኝ ብታዪ።»

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ምነው ዛሬ ታምሜ በቀረሁ።

እትዬ የሺ ሳይነግሩኝ ሴቶቹን አስተባብረው ኖሯል። ነጋ ጠዋት ደውሎ «አንቺም ነይ፣ መንገዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለኝ። ቢታንያ ፈተና ላይ ናት። ቀለሙ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል ብላኝ ስለነበር ሄድኩ። እግረ መንገዴን እትዬ የሺን ለብቻ አገኛቸዋለሁ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ።

ቁልቁለቱን ወርደን ዋሻው አፍ ደረስን። ውሃው አረንጓዴ ነበር። የቅጠል አረንጓዴ አይደለም፤ ፀሐይዋ ስታርፍበት ከውስጡ የሚያበራ። በአምስት ቀን ደርሷል።

 ከዚያ እትዬ የሺ ጫማቸውን አውልቀው ተንበረከኩ። «በዓይኔ አሳየኸኝ» አሉ። ሌሎቹም ተከትለው ተንበረከኩ። አንዷ እልል አለች። ነጋ ኮፍያውን አወለቀ።

እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ነጋ እንኳ የሚያውቀው ስለ ካርታው ነው። «ቀለም ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ እኔ ሐረገወይን፣ አፌ የማያርፈው፣ ሁለት ቃል አጣሁ። አፌን ከፈትኩ፤ እትዬ የሺ ዞረው አዩኝ፣ ፊታቸው በእንባ ረጥቧል፣ «ሐረግ፣ አንቺ ባትኖሪ ይህን ሳላይ ልሞት ነበር» አሉኝ። አፌን ዘጋሁ። እኔም ተንበረከኩ። ድንጋዩ ላይ በታመመው ጉልበቴ።

በጄሪካን ቀድተው ወሰዱ።

ጥቅምት 1፣ ሌሊት

ለቢታንያ ነገርኳት። ጮኸችብኝ ማለት አልችልም፣ ጮኻ አታውቅም። «ማሚ፣ ሐይቁ ውስጥ የተጣለውን ታውቂያለሽ? በርሜል አለ፣ ባትሪ አለ፣ ኖባዲ ኖውስ ምን እንዳለ። ያንን ነው የሚጠጡት» አለች። ነጋ ጋ ደወለች፣ ነገረችው። ነጋ ለሴቶቹ እነግራለሁ ብሏል።

ስለ ክኒኑ ለቢታንያም አልነገርኳትም። ቃል ገብቻለሁ።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

እትዬ የሺ ጋ ደወልኩ። ነጋ ነግሯቸው ነበር።

«ቀለም ነው አለኝ ነጋ። እሺ ቀለም ይሁን» አሉኝ። «ቀለሙን እኛ በሄድንበት ቀን ያወጣው ማነው?»

«እትዬ የሺ፣ ክኒኑን ጀመሩ?»

«እንዴት ብዬ? አንዷን እንኳ አልነካሁም፣ አልነካምም። ያንቺ ጉልበት ይመስክር።»

ጉልበቴ ይመስክር። ትራስ ላይ ሰቅዬው፣ በረዶ አድርጌበት ነው የማወራቸው። «የኔ ጉልበት እኮ» አልኩ። «እ?» አሉኝ። ያን ጊዜ አሸብር ገባ መሰለኝ፣ «በኋላ» ብለው ዘጉት።

በኋላ አልደወልኩም። ነገ ከሥራ ስወጣ ቤታቸው እሄዳለሁ። በአካል። መርፌ ተወግቼ ነበር እላቸዋለሁ። ሌላ ምንም አልጨምርም፣ ይህን ብቻ።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ሁለት ሰው ቀረ፣ ደብል ሺፍት። ነገ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ሆስፒታል፣ መቆያ ክፍል።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከሆቴሉ ደወልኩላቸው። አነሡት። «ሐረግ፣ እጄ... ኩባያው...» አሉ፣ ከዚያ ቃሉ ተጣመመ። እንደ ሰከረ ሰው። ጋሪዬን ኮሪደር ላይ ትቼ ሮጥኩ። አምቡላንስ የጠራሁት መኪናዬን እየነዳሁ ነው። ኢስት ፖይንት ስደርስ በሩ ክፍት ነው፣ እያወጧቸው ነው። የፊታቸው ቀኝ ጎን ወርዷል።

አሸብር ከኤርፖርት መጣ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ በጥድፊያ ይናገራል። የረጋ ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ፣ የሚያሟሟ መድኃኒት አለን፣ ግን በጊዜ መሰጠት አለበት አለ። ምን መድኃኒት ይወስዳሉ አለ። አሸብር ስልኩን አውጥቶ የክኒኑን ፎቶ አሳየው። ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። ደም የሚያቀጥን ክኒን የሚወስድ ሰው ይህንን ከጨመርንለት ጭንቅላቱ ውስጥ ሊደማ ይችላል፣ አንሰጥም አለ። «መቼ ነው መጨረሻ የወሰዱት?»

«ዛሬ ጠዋት» አለ አሸብር። «ሳጥኑን የምሞላው እኔ ነኝ። ባዶ ነው፣ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን አምልጧት አያውቅም።»

እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜያለሁ። እጄን አየሁት፣ የጽዳት ጓንቴን አላወለቅኩም።

«አልወሰዱም» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ከመስቀል ዋዜማ ጀምሮ አልወሰዱም። ሽንት ቤት ነው የሚጥሉት።»

ሐኪሙ ወደ እኔ መጣ። «ሦስት ሳምንት ማለት ነው? እርግጠኛ ነሽ? ከተሳሳትሽ ይህ መድኃኒት ሊገድላቸው ይችላል።»

ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ ይናገራል። ያን ሁሉ ስናገር ማንም እርግጠኛ ነሽ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እሳቸው በስልክ ያሉኝን አስታወስኩ፤ አንዷን እንኳ አልነካሁም፣ አልነካምም። ከሰኞ ወዲህስ ሐሳባቸውን ቀይረው ቢሆን? ትናንት ልሄድ ነበር፣ ሄጄ ቢሆን፣ ነግሬያቸው ቢሆን፣ ዛሬ ጠዋት ጀምረው ቢሆንስ? አልሄድኩም። ስላልሄድኩ ነው እርግጠኛ የሆንኩት።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

ሮጠ።

አሸብር «ታውቂ ነበር» አለኝ። ጥያቄ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ሄዶ ተቀመጠ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

አልደሙም። ቀኝ እጃቸው ትንሽ ተንቀሳቅሷል። ቢታንያ ናት የነገረችኝ፤ እሷን አሸብር ያስገባታል። እኔን አይደለም።

ሁሉንም ለገሠሠ ነገርኩት። ሰምቶ ሰምቶ «መርፌውን ያኔ ልነግራቸው ነበር» አለ። «ለምን አልነገርክም?» አልኩት። «ደስ ብሎሽ ነበር» አለኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተነሣሁ። ያን ጊዜ የቆምኩበት ቦታ። ወደ ጉልበቴ መርፌ የገባው ዋሻው ከመሄዴ አምስት ቀን በፊት ነው አልኩ። ቀለሙን ልጄ ናት የጨመረችው፣ ሲወጣ እያወቅኩ አብሬ ተንበረከክሁ አልኩ። እትዬ የሺ ክኒን መተዋቸውን እያወቅኩ ደበቅኩ አልኩ። አሁን ጉልበቴ ያመኛል፣ እያነከስኩ ነው የመጣሁት አልኩ።

አንዷ «አንቺ ስለተጠራጠርሽ ነው የተመለሰብሽ» አለች። ሌላዋ ጄሪካኗን እንደምትደፋ ነገረችኝ፤ ያችኛዋ ግን አትደፋም። አንድ ሽማግሌ «ታዲያ እስከ ዛሬ አፍሽን ምን ያዘው?» አሉኝ።  አባ ተስፋጽዮን ሁሉም በየቤቱ መድኃኒቱን እንዲያይ ተናገሩ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጥተው መስቀል አሳለሙኝ። 

ነጋ መንገዱን በሰንሰለት ዘግቶታል።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ቢታንያ የውሃውን ውጤት አመጣች። ያነበብኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ለመጠጥ አይሆንም ይላል። ሕልም አየሁ፤ ከሐይቁ ሥር ቆሜ ቀዳዳዎቹን በእጄ ልደፍን እሞክራለሁ፣ እጄ ሁለት ነው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

እትዬ የሺ ቤታቸው ገብተዋል። ቢታንያ «ማሚ፣ ጠይቀውሻል። አሸብርም ትምጣ ብሏል፣ ላይክ፣ ሳይወድ በግድ» አለችኝ። ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሩብ ሰዓት ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ወረድኩ።

ሶፋ ላይ ናቸው፣ ቀኝ እጃቸው ትራስ ላይ። ቃላቸው ቀስ ይላል፣ ግን ቃል ነው። ተቀመጪ አሉኝ። መሬት ላይ ልቀመጥ ስል ጉልበቴ አልታጠፍም አለኝ፤ አይተውት ፈገግ አሉ፣ በግራ በኩል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀኑን፣ መርፌውን፣ የዶክተሯን ስድስት ሳምንት። ሳላቋርጥ ተናገርኩ፣ መናገር ነው የማውቀው። 

«ክኒኑ... ሰልችቶኝ ነበር» አሉኝ። «ቆዳዬ ሁሉ... ሲነካ ይበልዛል። አሸብር... ሁሌ ዋጥሽ ወይ። ሰበብ... እፈልግ ነበር። ያንቺን ጉልበት... አገኘሁ።»

እውነታቸውን ይሁን፣ ሊያቀልሉልኝ ብለው ይሁን አላውቅም። ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ግማሹ ፊት አይታዘዛቸውም።

«ቢሆንም» አልኳቸው።

«ቢሆንም» አሉ እሳቸውም።

አሸብር ከጓዳ ወጣ፣ የሥራ ጃኬቱን ለብሷል። ቦርሳዬን ይዤ ልነሣ ስል በእጁ ከለከለኝ። ሳጥኗን ከፍቶ የረቡዕ ማታን ክፍል አሳየኝ፤ አንዲት ክኒን። መዳፌ ላይ ጣላት።

«ከዛሬ ጀምሮ የማታ ሺፍት ገብቻለሁ» አለኝ። «ማታ ማታ የሚሰጣት ሰው የለም። ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ስትውጥ እያየሽ።»

«እያየሁ።»

በሩን ዘግቶ ሄደ። ውሃ ቀድቼ አመጣሁ፣ ከቧንቧ። እትዬ የሺ ክኒኗን አፋቸው ውስጥ አደረጉ፣ ጠጡ፣ ብርጭቆውን መለሱልኝ። እኔ ግን አልሄድኩም። ቆምኩ። አዩኝ፣ ገባቸው። አፋቸውን ከፈቱ፣ ምላሳቸውን አነሡልኝ፣ በስልኬ መብራት ግራና ቀኝ ፈተሽኩ። ምንም የለም።

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ሌላ ሩብ ሰዓት፣ እንዳይተፉት።